ሰባ ሁለቱ ፐርሰንት የት ገባ?

ፍራንክፈርት፣ እሑድ ረፋድ። ቅዳሴ አልቆ አዳራሹ ውስጥ ሻይ እየተቀዳ፣ ዳቦ እየተቆረሰ ነው። አንዲት እህት ስልኳን በነጠላዋ ሥር እንደያዘች ወደ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ጠጋ አለች። ሰው እንዳይሰማባት ግራ ቀኙን ካየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ የጀርመንኛ ትምህርቴ 72 ፐርሰንት ደርሶ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ዜሮ ነው የሚለኝ። የአራት ወር ልፋቴ ውሃ በላው» አለችው። ሰውየው ስልኩን ገና ሳይቀበላት አንድ ነገር ጠየቃት፤ «ከጠፋብሽ በኋላ ምን ምን ነካካሽ?»

ብዙ ነክታለች። አፑን አጥፍታ እንደገና ጭናዋለች። እንደዚያም ሆኖ ዜሮ ሲላት በሌላ ኢሜይል አዲስ አካውንት ከፍታለች። አዲሱ አካውንት ነፃውን ክፍል ብቻ ስላሳያት የዓመቱን ክፍያ ሁለተኛ ከፍላለች። ከዚያም ሰላምታና ስም ከሚያስተምረው ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንደ አዲስ ጀምራለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ለባሏም፣ ለአስተማሪዋም፣ ለጓደኛዋም አልተናገረችም። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ሴት ናት። የምታጠናው ንጋት ላይ፣ ከሥራ በሚመልሳት ባቡር ውስጥ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እየተከደነ ነው።

ይህ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለሰ ቁጥሩ ጠፍቶበታል። ሰው ይለያያል፣ ስልኩ ይለያያል፣ ትምህርቱም አንዳንዴ ጀርመንኛ አንዳንዴ እንግሊዝኛ ወይም ስዊድንኛ ይሆናል። ስህተቱ ግን አንድ ነው፤ መዝገቡ የጠፋ የመሰለው ተማሪ ደንግጦ አዲስ አካውንት ይከፍታል። እውነተኛው ኪሳራ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሌላውን በአጭሩ እየነካ በዚህ ወጥመድ ላይ ይቆያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪው የሠራው መልመጃና ያገኘው ነጥብ በአብዛኛው የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ሳይሆን በትምህርት ሰጪው ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ነው። እዚያ ደግሞ የሰውየው መልክ አይታወቅም፤ የሚታወቀው የገባበት በር ነው። በጂሜይል የገባ፣ በፌስቡክ የገባ፣ በአፕል የገባ፣ በስልክ ቁጥር የገባ ሁሉ ሰውየው አንድ ቢሆንም ለኩባንያው አራት የተለያዩ ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ትናንት በአንዱ ገብቶ ዛሬ በሌላው የገባ ሰው ባዶ ቤት ይጠብቀዋል። የቀድሞው ቤት ግን ዕቃው ሳይነካ፣ በሩ እንደተቆለፈ አለ።

የዚህችኛዋ እህት ታሪክም ከዚህ አይወጣም። ትምህርቱን የጀመረችው በአይፎን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ኢሜይል ከመጻፍ ይልቅ «በአፕል ግባ» የሚለውን ጥቁር ቁልፍ ነካች። አፕል ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያስተዋውቅ ተጠቃሚው ኢሜይሉን ለኩባንያው እንዲያሳይ ወይም እንዲደብቅ ምርጫ ሰጥቶታል። ደብቅ ያለ ሰው ምትክ አድራሻ ይፈጠርለታል፤ ትርጉም በሌላቸው ፊደላትና ቁጥሮች የተሠራ፣ ባለቤቱም የማያስታውሰው አድራሻ። እሷም ደብቅ ብላ ነበር። ከአራት ወር በኋላ የአይፎኑ መስታወት ተሰነጠቀ፤ ወንድሟ ሳምሰንግ ገዝቶ ሰጣት። በሳምሰንጉ ላይ አፑን ጭና «በጉግል ግባ» የሚለውን ነካች። ኩባንያው የሚያውቃት በተደበቀው አድራሻ ስለሆነ ጂሜይሏን ከዚያ ጋር ሊያያይዝ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። «ይህ ኢሜይል አዲስ ነው» ብሎ እንኳ ሳይነግራት አዲስ አካውንት ከፈተላትና ዜሮ አሳያት።

መፍትሔው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተገኘ። ያ የተሰነጠቀ አይፎን ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበርና ልጇ ሮጦ አመጣው። ቅንብሮች ውስጥ ገብተው፣ ከላይ ስሟ የተጻፈበትን ነክተው፣ በአፕል የተገባባቸው አፖች ዝርዝር ጋ ሲደርሱ የትምህርቱ ስም ከነድብቅ አድራሻው ተቀምጧል። ከዚያ በሳምሰንጉ ብራውዘር የኩባንያውን ድረ ገጽ ከፍተው በአፕል ሲገቡ 72 ፐርሰንቱ ተመልሶ መጣ። እሷም ስልኩን ሁለት እጇ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ገንዘቡ ግን እንደ ፐርሰንቱ በቀላሉ አልተመለሰም። ወደዚያ ኋላ እንመጣለን።

አዲስ አካውንት መክፈት ጉዳቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ኩባንያዎች ሁለት አካውንቶችን አዋሕዱልኝ ሲባሉ አብዛኞቹ አንችልም ይላሉ። ሰውየው በአዲሱ ሦስት ሳምንት ከሠራ በኋላ አሮጌው ቢገኝለት ከሁለቱ አንዱን መጣል ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ክፍያው ከአሮጌው ጋር ታስሮ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ለእርዳታ ክፍል ሲጻፍ ሠራተኛው በአንድ ስም ሁለት ሦስት አካውንት ያገኝና የትኛውን ማየት እንዳለበት ግራ ይገባዋል።

አራተኛው ከሁሉም ይከፋል። በጀርመን ብዙ ትምህርት ቤቶች ከክፍል ትምህርቱ ጎን የኢንተርኔት መለማመጃ ይሰጣሉ፤ አስተማሪዋ ተማሪዎቹን በኮድ አስገብታ ማን ምን እንደሠራ በራሷ ገጽ ታያለች። ኑርንበርግ አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት መዝገቡ ሲጠፋበት በራሱ ጊዜ ሌላ አካውንት ከፈተ። በየማታው እየሠራ ነበር፤ አስተማሪዋ የምታየው ግን ባዶ የቀረውን አሮጌ አካውንት ነው። አምስት ሳምንት ምንም አልሠራህም ስትለው በክፍሉ ሰው ፊት ነበር። ጀርመንኛው ለማስረዳት አልበቃውም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ አፍሮም ሁለት ቀን ከክፍል ቀረ። መለማመጃው የማይቆጠር ነገር ነበር፤ የቀረባቸው ሁለት ቀናት ግን እውነተኛው የክፍል መገኘት መዝገብ ላይ ሰፈሩ።

ይሉኝታ እንዲህ ያስከፍላል። አገር ቤት እያለ የማያውቀውን ጎረቤት ጠይቆ የሚያውቅ ሰው፣ እዚህ ሲመጣ «አልገባኝም» ማለት እንደ ውርደት ይሆንበታል። በተለይ አገር ቤት ዲግሪ የያዘ፣ አስተማሪ ወይም ነርስ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው ስልኩን አውጥቶ ከእሱ በሃያ ዓመት ለሚያንስ ልጅ ማሳየት ይከብደዋል። ይክበደው እንጂ ያሳይ። አስተማሪዋ በአንድ ቁልፍ የምታስተካክለውን ነገር ደብቆ ሁለት ወር ማጣት ክብርን አያስጠብቅም።

መዝገቡ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚደረገው ምንም ነገር አለመንካት ነው። አፑ አይጥፋ፣ ከአካውንቱ አይወጣ፣ «ዳታ አጽዳ» የሚል ነገር አይነካ። ቀጥሎ ስክሪኑ ፎቶ ይነሣ። ከዚያ በአፑ ውስጥ የመገለጫ ገጹ ይከፈትና አሁን የተገባው በየትኛው ኢሜይል እንደሆነ ይነበብ። ከዚያ ደግሞ የኢሜይል ሳጥኖች ሁሉ፣ ያረጁትም ጭምር፣ የትምህርቱ ስም ተጽፎባቸው ይፈተሹ፤ ኩባንያው በመጀመሪያው ቀን «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የጻፈበት ሳጥን ትክክለኛውን በር ይናገራል። የክፍያ ደረሰኙም እንዲሁ። በአፕል ተገብቶ ኢሜይሉ የተደበቀ ከሆነም ደብዳቤው ወደ እውነተኛው ሳጥን ተላልፎ ይደርሳል፤ ተቀባይ የሚለው ቦታ ላይ ያ እንግዳ አድራሻ ይታያል።

የእኛ ሰው ኢሜይል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙው ሰው የመጀመሪያ ጂሜይሉን የከፈተው ለቪዛ ማመልከቻ ሲሆን፣ የከፈተለትም ደላላ ወይም የአክስት ልጅ ወይም የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው። ፓስዎርዱ እነሱ ዘንድ ቀርቷል። የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ስልክ በ251 የሚጀምረው የአገር ቤት ቁጥር ነው፤ ሲም ካርዱ ሻንጣ ውስጥ ደርቋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ጉግል ከታኅሣሥ 2023 (በአውሮፓውያን) ወዲህ 2 ዓመት ሙሉ ያልተገባባቸውን የግል አካውንቶች ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቋል። እንዲህ ባለ አድራሻ ላይ የተመሠረተ የአንድ ዓመት ትምህርት በአሸዋ ላይ የተሠራ ነው። ዛሬ ማታ፣ አካውንቱ አሁንም ክፍት ሳለ፣ የማረጋገጫ ስልኩ ወደሚኖርበት አገር ቁጥር ይቀየር፣ ፓስዎርዱም ይለወጥ። ነገ ሳይሆን ዛሬ የተባለው ከአካውንቱ ከወጡ በኋላ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ነው።

ስምም እንዲሁ። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባት ስም ነው ያለው። የጀርመን ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም አምጣ ይላል። አንዱ ቦታ የአባት ስም ይገባል፣ ሌላው ቦታ ፓስፖርት ያየ ሠራተኛ የአያትን ስም ያስገባል፣ በሦስተኛው ቦታ ተማሪው ራሱ በቅጽል ስሙ ይመዘገባል። ፊደሉም አንድ አይደለም፤ «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። ትምህርት ቤቱ ከዝርዝሩ ጋር የሚገጥም ስም ሲያጣ ተማሪውን ሁለተኛ ይመዘግበዋል፤ ነጥቡ በአንዱ፣ ስሙ በሌላው ላይ ይቀራል። መፍትሔው አንድ ነው፤ በሁሉም ቦታ ፓስፖርቱ ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳይጎድልና ሳይጨመር መጻፍ።

የልደት ቀን ሌላው ነው። በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። አካውንቱን ሲከፍት በአገር ቤት አቆጣጠር 1987 ብሎ የጻፈ ሰው በፓስፖርቱ ላይ 1994 ወይም 1995 ነው የተወለደው። የእርዳታ ክፍሉ ማንነቱን ለማረጋገጥ የልደት ዓመት ሲጠይቀው ትክክለኛውን ይናገራል፤ ትክክለኛው ግን መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ሌባ ይመስላል። ሲገቡ ቀኑ ሳይታወቅ ቀርቶ ጥር 1 ቀን በፈረንጆች ተብሎ የተመዘገበላቸው ብዙ ስደተኞችም አሉ። እነሱም ያንኑ በሁሉም ቦታ ይጻፉ።

ሰዓትን በሚመለከት ደግሞ፣ አንዳንድ ሰው ስልኩን በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ለማንበብ ብሎ በእጁ 6 ሰዓት ያዛውረዋል። አፖች የየቀኑን ትምህርት የሚቆጥሩት በስልኩ ሰዓት ከሆነ ማታ የተሠራው በሌላ ቀን ላይ ይውላል፣ ተከታታይ ቀናቱም ይቋረጣሉ። በሰዓት የሚሠሩ የማረጋገጫ ኮዶችም እምቢ ይላሉ። የስልኩ ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል ይተው፤ የአገር ቤቱን ሰዓት የሚያሳይ ሌላ ሰዓት እዚያው ስልክ ላይ መጨመር ይቻላል።

አሁን ደግሞ በሩ ትክክል ሆኖ መዝገቡ ብቻ የተዛባበትን እንይ። የአፕ ጉዳይ ከሆነ ኢንተርኔቱ ይታይ፣ አፑ ይታደስ፣ ስልኩ ጠፍቶ ይብራ፤ ይህ ሁሉም የሚለው ነው። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከመሬት በታች በሚሄድ ባቡር ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የተሠራ ትምህርት ለጊዜው ስልኩ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ወደ ኩባንያው የሚሄደው ስልኩ ኢንተርኔት ሲያገኝና አፑ ሲከፈት ነው። ከዚያ በፊት አፑን ማጥፋት ወይም ከአካውንት መውጣት የተሠራውን ለዘላለም ሊያጠፋው ይችላል። በአንድሮይድ ስልኮች «ካሽ አጽዳ» እና «ዳታ አጽዳ» የሚባሉ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የመጀመሪያው ብዙም አይጎዳም፣ ሁለተኛው ግን ያልተላከውን ሁሉ ይጠርጋል። ወገን ስልክ ሲያስተካክል ሁለቱንም ይነካል።

በብራውዘር ለሚማር ደግሞ ያለ አካውንት መማር ትልቅ ስህተት ነው። አማርኛ ክፍሉን እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የምናውቀው ዶቼ ቬለ «ኒኮስ ቬግ» የሚባል ከኤ1 እስከ ቢ1 ደረጃ የሚደርስ ነፃ የጀርመንኛ ትምህርት አለው። የጀርመን የጎልማሶች ትምህርት ቤቶች (የፎልክስሆኽሹለ) ማኅበርም ነፃ መማሪያ ድረ ገጽ አለው። ሁለቱም ዋጋ የሚያስከፍሉትን የሚያስንቁ ናቸው፤ መዝገቡ እንዲቀመጥ ግን ተመዝግቦ መግባት ያስፈልጋል። ሳይመዘገቡ በብራውዘር የተሠራ ነገር ምን ያህል ደካማ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ይኸውና፤ የአይፎን ብራውዘር የሆነው ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ወዲህ፣ ተጠቃሚው ብራውዘሩን እየተጠቀመ 7 ቀን ያልነካው ድረ ገጽ ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን ማስታወሻ በራሱ ያጠፋል። አንድ ሳምንት ድርብ ፈረቃ ሠርቶ ወደ ትምህርቱ የተመለሰ ሰው ዜሮ የሚያገኘው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በድብቅ መስኮት የሚማር ደግሞ መስኮቱን በዘጋ ቁጥር ሁሉን ያጣል።

ይኸው ሳፋሪ በዚያው ወቅት የሌላ ድረ ገጽ ኩኪዎችን፣ ማለትም ድረ ገጾች ተጠቃሚውን የሚያስታውሱባቸውን ጥቃቅን መረጃዎች፣ በሙሉ መከልከል ጀመረ። ትምህርት ቤቱ የራሱን ገጽ ከፍቶ መልመጃውን ከሌላ ኩባንያ አምጥቶ በመስኮት ውስጥ ካስቀመጠው፣ ተማሪው ሁሉን ትክክል መልሶ ነጥቡ ላይመዘገብ ይችላል። ያን ጊዜ መልመጃውን በራሱ ገጽ መክፈት ወይም ለትምህርቱ ብቻ ሌላ ብራውዘር መጠቀም ይፈታዋል። አንድን ትምህርት በሁለት ታብ መክፈትም አይበጅም፤ ኋላ የተዘጋው ታብ አሮጌውን መዝገብ በአዲሱ ላይ ሊጽፍበት ይችላል።

አንዳንድ ትምህርት ደግሞ ተሠርቶ አልቆ 98 ፐርሰንት ላይ ቆሞ ይቀራል። መስኮቱን ከመዝጋት ይልቅ «ጨርስ» ወይም «ውጣ» የሚለው ቁልፍ ይነካ፤ በብዙ ትምህርቶች ነጥቡ የሚላከው በዚያ ቁልፍ ነው። ሙድል በሚባለው፣ ትምህርት ቤቶች አዘውትረው በሚጠቀሙበት ሥርዓት፣ አንዳንዱ ክፍል ተማሪው ራሱ ምልክት እስኪያደርግበት አይጠናቀቅም። የጠቅላላ ትምህርቱ ማጠናቀቂያም ሥርዓቱ በየጊዜው በሚያካሂደው ሥራ የሚሰላ በመሆኑ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን መጠበቅ ተገቢ ነው። ስኮርም በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ባለ 1.2 ደንብ የተሠሩ ረጃጅም ትምህርቶች ደግሞ ተማሪው የቆመበትን ለማስታወስ ያላቸው ቦታ 4096 ፊደል ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ አይመዘገብም። እዚህ ላይ ተማሪው ሺህ ጊዜ ቢደጋግም ለውጥ አያመጣም፤ ትምህርቱን ያዘጋጀው ወገን ነው ማስተካከል ያለበት። ይህን ማወቅ ቢያንስ ራስን ከመውቀስ ያድናል።

ገንዘቡ እንዴት ሆነ? የመጀመሪያው ክፍያ በአይፎኑ በኩል ስለተፈጸመ ከአፕል አካውንቷ ጋር የታሰረ ነው። አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፤ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ መሰረዝም አያቆመውም። መሰረዝ ያለበት በአይፎኑ ቅንብር ውስጥ ባሉት የደንበኝነት ክፍያዎች ዝርዝር ነው። ሁለተኛውን ግን በድረ ገጹ በካርድ ነው የከፈለችው። በጀርመን ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 (በአውሮፓውያን) ጀምሮ በኢንተርኔት ውል የሚያዋውል ድርጅት በድረ ገጹ ላይ በግልጽ የሚታይ የውል ማቋረጫ ቁልፍ ማኖር፣ ማቋረጡንም ወዲያው በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ከመጋቢት 1 ቀን 2022 ወዲህ በተፈረሙ ውሎች ደግሞ የመጀመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ በዝምታ የተራዘመውን በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ማቆም ይቻላል። እሷም ሁለተኛውን ውል አቋረጠች፤ የከፈለችውን ለማስመለስ ግን ኩባንያውን በደብዳቤ መጠየቅ ነበረባት፤ የመለሱላትም ከፊሉን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ነገር አለ። ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ የተቆረጠ ክፍያን በ8 ሳምንት ውስጥ ባንኩን አስመልስልኝ ማለት በአውሮፓ ይቻላል፤ ባንኩም ምክንያት አይጠይቅም። ወሬው በወገን ዘንድ በፍጥነት ስለሚዛመት ሁሉም ያስመልሳል። ውሉ ሳይቋረጥ ገንዘቡ ብቻ ከተመለሰ ግን ዕዳው አለ። መጀመሪያ የማስታወሻ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ የዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደብዳቤ ይመጣል፤ ሰው ደግሞ የማይገባውን ደብዳቤ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይከታል። የ60 ዩሮ ነገር ብዙ እጥፍ ሆኖ ቤት ለመከራየት ሲፈለግ እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ደብዳቤ ይከፈት። ካልገባ ወደ ሸማቾች ምክር ማዕከል ይወሰድ፤ በየክፍለ ግዛቱ አለ።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ የቤተሰብ ጫና አለ። እናት በየሳምንቱ ትደውላለች፤ «ልጄ፣ ቋንቋውን ቻልሽው? የእገሊት ልጅ እኮ በስድስት ወሯ ሥራ ይዛለች» ትላለች። ልጅቱም የስልኳን ስክሪን ፎቶ አንሥታ ትልካለች፤ 72 ፐርሰንት፣ 110 ተከታታይ ቀናት። ፐርሰንቱ ለእናት መልስ ሆነ። ሲጠፋ ትምህርቱ የጠፋ የመሰላት ለዚህ ነው፤ ሁለተኛ የከፈለችውም ለቀጣዩ እሑድ የምትልከው ቁጥር እንዳይጎድል ነው። በዚያው ወር አገር ቤት ላለው ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ መላክ ነበረባት፣ የላከችውም ተበድራ ነው። ወላጆች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ባልጠየቁ ነበር። የሚነግራቸው ግን የለም።

ፐርሰንቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በግልጽ መነገር አለበት። በጀርመን የውሕደት ትምህርት በተለምዶ 600 ሰዓት ቋንቋና 100 ሰዓት የአገሪቱን ሥርዓት የሚያስተምር ነው። የሚቆጠረው በክፍል ዝርዝሩ ላይ የፈረሙበት ሰዓት እንጂ አፑ ላይ ያለው ነጥብ አይደለም። መጨረሻው ኤ2 ወይም ቢ1 ደረጃን የሚለካው የስደተኞች የጀርመንኛ ፈተና ነው። «ሕይወት በጀርመን» የሚባለው ፈተና 33 ጥያቄ አለው፤ ለዜግነት 17ቱን መመለስ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ባሏን ወይም ሚስቱን የሚከተል ሰውም አብዛኛውን ጊዜ በጎተ ኢንስቲትዩት የኤ1 ፈተና ከ100 60 ማምጣት አለበት። አፑ የሚሰጠውን ባለቀለም ምስክር ወረቀት አትሞ ኤምባሲ የወሰደ ሰው ወጪውንና ተራውን ያጣል። «የጠፋ መዝገብህን አስመልስልሃለሁ፣ ሰርተፊኬትም አወጣልሃለሁ» እያለ በቴሌግራም ገንዘብ የሚሰበስብ ካለ ሌባ ነው። ፓስዎርድ አይሰጠው፣ አንድ ዩሮም አይላክለት።

ለእርዳታ ክፍል ሲጻፍ ማልቀስ አያስፈልግም፤ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ አምስት መስመር ይበቃል። መዝገቡ የጠፋበት ቀንና ሰዓት፣ የስልኩ ዓይነት፣ የተገባበት ኢሜይልና መንገድ፣ ከመጥፋቱ በፊት የነበረው ደረጃ፣ የክፍያው ቁጥር፣ ከፎቶው ጋር። አንድ ጊዜ ይጻፍና ይጠበቅ። በየቀኑ አዲስ መልእክት የሚልክ ሰው በብዙ ቦታ ወረፋውን ከኋላ እንደ አዲስ ይይዛል።

መልስ ከጠፋ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚኖር ሰው ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው ድርጅቱ ስለ እሱ የያዘውን መረጃ በነፃ እንዲያገኝ ይፈቅድለታል። ድርጅቱ በ1 ወር ውስጥ መመለስ አለበት፤ ጉዳዩ ከተወሳሰበ ምክንያቱን አሳውቆ 2 ወር ሊጨምር ይችላል። «በአንቀጽ 15 መሠረት በእኔ ስም የተያዘውን የትምህርት መዝገብ ላኩልኝ» የምትል አንዲት መስመር፣ ለእርዳታ ክፍሉ ሳይሆን በድረ ገጹ ግርጌ ለተጻፈው የመረጃ ጥበቃ አድራሻ ስትላክ፣ አካውንቱ በእርግጥ መኖር አለመኖሩን ታሳውቃለች። የሚመጣው ፋይል ፐርሰንቱን መልሶ አይተክልም። ግን ምን ቀን ምን እንደተሠራ ያሳያል፤ ለአስተማሪዋ ይዞ መቅረብም ይቻላል።

ያቺ እህት አሁን አንዲት ትንሽ ደብተር አላት፤ ከመጦሪያው የፈረቃ ማስታወሻ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ትይዛታለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የትምህርቱ ስም፣ በየትኛው ቁልፍ እንደምትገባ፣ ያ ረጅም ድብቅ አድራሻ፣ ክፍያው የሚታደስበት ቀን ተጽፏል። በየእሑዱ ማታ ምዕራፉን ትመዘግባለች፤ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ የት እንደደረሰች ታውቃለች። ባለፈው ወር ለፈተናው ስትመዘገብ ቅጹን ከመሙላቷ በፊት የመኖሪያ ፈቃዷን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ፣ ስሟን ከካርዱ እያየች፣ ፊደል በፊደል ቀዳችው። ጸሐፊዋ ጠበቀቻት።